ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ ወረዳው ማን ቀረለት?

(በወላይታ ሶዶ ለወረዳና ለዞን የሰው ሀብት ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር የተገለበጠ። እንደተናገርኩት ነው ያስቀመጥኩት።)

ሳሮ! እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ያላችሁትስ ይሰማችኋል? ጥሩ።

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ ብዬ ብጠራችሁ ቅር እንደማይላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁን የቀጠርኳችሁ እኔ ነኝ። ፎቷችሁን ግለ ማኅደራችሁ ላይ የለጠፍኩ እኔ ነኝ። ዛሬ ቤተሰብ መሥርታችሁ፣ ኃላፊ ሆናችሁ ሳያችሁ ደስታዬ ትልቅ ነው። ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

በ1986 በአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ሥራ ስጀምር ሀብቴ አንድ የብረት ካቢኔና አንድ የፋይል መበሻ ነበር። በ2017 ጡረታ ስወጣ ወረዳን፣ ዞንን፣ ክልልን አይቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰማሁ። "ስንት ሠራተኛ አላችሁ?" የሚል። ዛሬም ስለዚያ ጥያቄ ነው የምናገረው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ስለ ቁጥሩ። ሁለተኛ ሰው ወዴት እንደሚሄድ። ሦስተኛ ስለ ፋይሉ፣ ማለትም በፋይሉ ውስጥ ስላለው ሰው።

ከቁጥሩ ልጀምር።

አንድ ወረዳ ስንት ሠራተኛ አለው? ቀላል ጥያቄ ይመስላል አይደል? ግን አራት መልስ አለው። በመዋቅሩ ላይ የተፈቀደ የሥራ መደብ አንድ ቁጥር ነው። በጀት የተያዘለት መደብ ሌላ ቁጥር ነው። በሰው የተያዘ መደብ ሦስተኛ ቁጥር ነው። አራተኛው ቁጥር ጠዋት 2:30 ላይ ባለጉዳይ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ "ይግቡ" የሚል ሰው ነው።

እኛ ሪፖርት ላይ የምንጽፈው የትኛውን ነው? እስኪ እውነቱን እንነጋገር። ሲመቸን የመጀመሪያውን፣ ሲመቸን ሦስተኛውን። በጀት ስንጠይቅ "ይህን ያህል ክፍት መደብ አለን" እንላለን። አፈጻጸም ስንጠየቅ "የሰው ኃይላችን ተሟልቷል" እንላለን። አራተኛውን ቁጥር ግን የሚጽፍ የለም። ለእሱ የተዘጋጀ ቅጽ የለም!

አንድ ጊዜ ለክትትል አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ስሙን አልናገርም። የመዋቅሩ ወረቀት ግድግዳው ላይ በስኮች ተለጥፏል፤ 28 መደብ። በጀት ያለው 19 ነው። ሰው ያለበት 16። እኔ በዚያ ጠዋት በአካል ያገኘሁት 7 ሰው ነው። ሌሎቹስ? ሁለቱ ስብሰባ፣ ሦስቱ መስክ፣ አንዷ የወሊድ ፈቃድ፣ አንዱ ትምህርት ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ ለሌላ መሥሪያ ቤት በውሰት የተሰጡ። ማንም አልዋሸኝም። ሁሉም በደብዳቤ ነው የቀሩት። ደብዳቤው ሁሉ ማኅተም አለው። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከየት እንደመጡ ጠየቅኋቸው። ሌሊት 10 ሰዓት ነው ከቤት የወጡት። ለስንተኛ ጊዜ ነው የመጡት? ለሦስተኛ። ከ28 መደብ እኚህ አባት የሚፈልጉት አንዱን ነበር። ያ አንዱ አልነበረም።

አሁን ስለ ጤና ኬላ ላንሳ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም አገራችን በሰው ኃይል አመዳደብ በጣም ጥሩ የሠራችው እዚያ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ሲጀመር አሳቡ ምን ነበር? በአንድ ቀበሌ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ለአምስት ሺህ ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ። ልጆቹ ከዚያው አካባቢ ተመልምለው፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥረው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። በግብርናውም ሦስት የልማት ሠራተኛ ለአንድ ቀበሌ ተባለ። አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ልብ በሉልኝ። ቁጥሩ የተነሳው ከቢሮ አይደለም። ከቀበሌው ነው የተነሳው። "እዚያ ያለች እናት ምን ያስፈልጋታል?" ተብሎ ነው ሁለት የተባለው።

ግን ሁለት ማለት ምን ማለት ነው? አንዷ ስትወልድ ስንት ይቀራል? አንድ ትላላችሁ። እኔም አንድ ነበር የምለው።

ከጥቂት ዓመት በፊት ወደ አንድ ቀበሌ ወጣሁ። ከጤና ኬላው አንዷ ወልዳለች። የወሊድ ፈቃዷ አራት ወር ነው፤ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ። መብቷ ነው፤ ማንም ሊነካባት አይገባም። ሌላዋ ደግሞ ወረዳ ለሪፖርት ተጠርታለች። በሩ ላይ ቁልፍ። ቁልፉ ላይ የዝናብ ውሃ ይንጠባጠባል። ከጣሪያው ጥግ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ቆማለች። የክትባት ካርዷን እንዳይረጥብባት በፕላስቲክ ጠቅልላ ጡቷ ሥር አድርጋዋለች። የዘጠኝ ወሩን ክትባት ልታስከትብ ነው የመጣችው፤ የኩፍኙን። "ባለፈው ሳምንትም ዝግ ነበር" አለችኝ። አልተቆጣችም። የሚቆጣ ሰው ቢያንስ ተስፋ አለው ማለት ነው። እሷ ዝም ብላ ነው የነገረችኝ።

በእኛ መዝገብ ላይ ያ ጤና ኬላ መቶ በመቶ የተሟላ ነበር። ሁለት መደብ፣ ሁለት ሰው። ሪፖርቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በእጄ ነው የፈረምኩት። ያቺ እናት የቆመችበትን ጥግ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ለአራት ወር ፈቃድ የምትወጣ ልጅ ካለች ተተኪዋ ከመውጣቷ በፊት ይታሰብ። ከአጎራባች ቀበሌ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ ትሁን። ከጤና ጣቢያው የምትላክ ነርስ ትሁን። ቀኑ በሩ ላይ ይጻፍ። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው እኛ የፈቃዱን ደብዳቤ ስንጽፍ በሩን እንድናስብ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ሰው ወዴት ነው የሚሄደው?

ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ባለሙያ ወደ ላይ ይወጣል። እናንተም እኔም ወጥተናል። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል። ለምን? ልጅን ጥሩ ትምህርት ቤት ለማስገባት። መብራትና ውሃ ለማግኘት። ደረጃ ለማደግ። ይህ ኃጢአት አይደለም። ማንንም አልወቅስም።

ግን አንድ ጊዜ ወንዙ ወደ ታች ሲፈስ አይቻለሁ። በ1994 ነው። የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር በአራት ክልሎች ሲጀመር፤ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በኛው በደቡብ። በጀት በጥቅል ለወረዳ ይሰጥ ተባለ። በጀቱ ሲወርድ ሰውም ይውረድ ተባለ። እኔ ያኔ ዞን ነበርኩ። ስሜ ከሚወርዱት ዝርዝር ላይ ተለጠፈ። አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም። ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ፍራሽና ድስት በአይሱዙ ጭነን ወረድን። ወረዳው መብራት የሚያገኘው በጄኔሬተር ነበር፤ ከማታ 12 እስከ 4 ሰዓት።

ግን ምን ሆነ? በሁለተኛው ዓመት ያ ወረዳ የራሱን ቅጥር የሚፈጽም፣ የራሱን በጀት የሚዘጋ ወረዳ ሆነ። መምህር ደመወዙን ለመቀበል ዞን ድረስ መሄዱ ቀረ። አንድ ሰው ዕድገት ቢጠይቅ መልሱን እዚያው አገኘ። ስላለቀስኩበት ደብዳቤ ዛሬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን አቅጣጫው ተገለበጠ። ክልል በክልል ሲሆን አይታችኋል። ሲዳማ በ2012 ከደቡብ ክልል ወጥቶ ራሱን ቻለ። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014። በነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው ለሁለት ተከፈለ፤ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። ሕዝቡ ጠይቆ ያገኘው ነው። የራስን ጉዳይ በራስ መምራት መብት ነው። በመብቱ ላይ አንድ ቃል የለኝም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(ረ) ክልሎች የራሳቸውን ሠራተኞች በሚመለከት ሕግ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። እኔ የማነሳው የቆጠራውን ጉዳይ ነው። የእኛን ሥራ።

በቀድሞው ክልል መቀመጫ በሐዋሳ አንድ ግብርና ቢሮ ነበረ። አሁን አራት ክልል፣ አራት ግብርና ቢሮ። እያንዳንዱ ቢሮ ኃላፊ ይፈልጋል፣ ምክትል ይፈልጋል። ኃላፊው ጸሐፊ ይፈልጋል፣ ሹፌር ይፈልጋል። ቢሮው የራሱ የሰው ሀብት፣ የራሱ ፋይናንስ፣ የራሱ ግዥ፣ የራሱ ንብረት፣ የራሱ ዕቅድ ክፍል ይፈልጋል። ይህ እንግዲህ አንድ በሬ ከመታከሙ በፊት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ገና አልተቀጠረም! በዚህ ላይ ልዩ ወረዳ የነበሩት ወደ ዞን አደጉ። ቡርጂ፣ ባስኬቶ፣ አሌ። የኛ ክልል፣ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ዛሬ 12 ዞን አለው። ወረዳ ዞን ሲሆን በየዘርፉ መምሪያ ይቋቋማል። በመምሪያው ማን ይቀመጥበታል? ልምድ ያለው ሰው። ልምድ ያለው ሰው የት ነው ያለው? ወረዳ! ከሥር ከወረዳ ይነሳል። ክልሉ ደግሞ ከዞን ያነሳል።

ከሥር የሚቀረውስ? ክፍት መደብ ይቀራል። ማስታወቂያ እናወጣለን ስንል ሰርኩላር ይመጣል፤ "ቅጥር ለጊዜው ታግዷል"። ለምን ታገደ? ከወረዳ መደበኛ በጀት ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ነው። የላዩ ሲበዛ የታችኛው ይጠብባል። በ2015 እና በ2016 በአንዳንድ አካባቢ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ወር ቆጥረው ደመወዝ እንዳላገኙ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁም ቀምሳችሁታል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው ቤቱ ሽሮ ሳይኖር ስለ ሰው ኃይል ሙሉነት ማውራት ይከብደኛል።

ደመወዙስ ቢሆን? በጥቅምት 2017 ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። በመስከረም 2018 ደግሞ 6,000 ሆነ፤ ለዲግሪ ጀማሪ 11,500። እሰየው! ኑሮው ከዚያ በላይ ሮጧል፤ ቢሆንም እሰየው። ነገር ግን ስሌቱን እዩልኝ። ደመወዝ ከፍ ሲል የማያስፈልግ መደብ ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል። ዛሬ ላይ አንድ ትርፍ መደብ ስትፈቅዱ የምትፈቅዱት የአንዲት ነርስ ደመወዝ ነው።

ነርስ ካልኩ አይቀር፤ ከእናንተ መሐል ተመርቃ ቤት የተቀመጠች ልጅ ወይም እህት የሌለው እጁን ያንሳ እስኪ። ...ያያችሁት ነው። ሐኪም ተመርቆ ሥራ በሚፈልግበት አገር ጤና ጣቢያው ሐኪም የለውም። ሁለቱ አንድ አገር ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ወረዳ ውስጥ ይኖራሉ። በመሐከላቸው የቆመው ምንድን ነው? ሁለተኛው ቁጥር ነው። መደቡ አለ፤ በጀቱ የለም። በጀቱ የት ሄደ? ወደ ላይ።

እኔ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛው፣ አንድ ሰው ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ሲነሳ የዝውውር ደብዳቤው ላይ የተተኪው ቅጥር ፈቃድ አብሮ ይጻፍ። ሰውየውን ክሊራንስ ከልክላችሁ አታስሩት። ዕድገቱ መብቱ ነው። ወሳጁ መሥሪያ ቤት ግን "ወስጃለሁ፤ ይተካ" ብሎ ይፈርም። ሁለተኛው፣ ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ፋይናንስና ግዥን በፑል፣ ማለትም በአንድ የጋራ ክፍል፣ እንደሚሠሩት ሁሉ ሰው ሀብትንም፣ ንብረትንም፣ ዕቅድንም በፑል መሥራት ይችላሉ። ስድስት ጽሕፈት ቤት ስድስት መዝገብ ቤት አያስፈልገውም። የሚተርፈው መደብ ወደ ቀበሌ ይውረድ። በ1994 ችለነዋል። አሁን የማንችልበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ነጥቤ ፋይሉ ነው። እዚህ ላይ ታገሡኝ።

ክልሉ ሲከፈል እኔ በድልድሉ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ሠራተኛው ለሁለት ተከፈለ። ቢሮዎችም በየከተማው ተበተኑ። የኛ ክልል ብቻ ስድስት የመንግሥት መቀመጫ ከተማ አለው። ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላ፣ ካራት። ሠራተኛው ግን ሐዋሳ ቤት ሠርቷል። ሐዋሳ ዕቁብና ዕድር አለው። ልጆቹ ሐዋሳ ይማራሉ። ባልና ሚስት ወደ ሁለት ክልል ሲደለደሉ አይቻለሁ። ባልየው ደብዳቤውን ተቀብሎ ሁለቴ አነበበና "የሷንስ ስጡኝ ልየው" አለን። አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሮ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ምንም አልተናገረም። ለእኛ በኤክሴል ላይ ሁለት መስመር ነበሩ።

ፋይሉ በሲባጎ ታስሮ፣ በማዳበሪያ ተጠቅሎ በአይሱዙ ተጫነ። ሦስት ወር ሳይሞላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጣች። እትዬ ብለን ነበር የምንጠራት። ዕድሜዋ 60 ሞልቶ ጡረታ ልትወጣ ነው። ጡረታ ለመውጣት የቅጥር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ፋይሏ የለም። አንዱ ክልል "እዚያ ነው" ይላል። ሌላው "እዚህ አልደረሰም" ይላል። ሴትየዋ ለሦስት አሥርት ዓመት ያህል ኮሪደር ጠርጋለች። አብዛኛውን ጊዜ ከሺህ ብር በታች ነበር የምትወስደው። አሁን የቀራት ነገር ያ ማኅደር ነበር።

ሦስት ቀን ፈለግን። እኔና አንድ ወጣት ባለሙያ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፣ ስሙን አልጠራም። በአቧራ ዓይናችን አበጠ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በተሽከርካሪ ስምሪት ወረቀቶች መሐል ተገኘ። አረንጓዴ ማኅደር፣ ጠርዙ አይጥ የበላው። የቅጥር ደብዳቤዋ በታይፕ የተመታ ነው። የጣት አሻራዋ አለበት። ያኔ መጻፍ አትችልም ነበር። ቀጥሎ ያለው ወረቀት ላይ ግን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ስሟን ጽፋ ፈርማለች። ማታ ማታ ተምራ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ከመስመሩ ወጥተዋል።

ማኅደሩን ስሰጣት ሌላውን አላየችም። ያንን ፊርማ ነው የፈለገችው። ጣቷን አሳረፈችበትና "ይኸው፣ እኔ ነኝ" አለች።

ልጆቼ፣ እኛ የምንይዘው ይህንን ነው። መደብ ስትሰርዙም፣ ስታጥፉም፣ ስትደለድሉም ከወረቀቱ ሥር አንድ "እኔ ነኝ" የሚል ሰው አለ። ቁጥር ቀንሱ ሲሏችሁ ቀንሱ፤ የሚቀነስ አለ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ግን ከየት እንደምትቀንሱ እዩ። በቀላሉ የሚቀነሰው ድምፅ የሌለው ነው፤ የጥበቃው፣ የጽዳቷ፣ የቀበሌዋ ልጅ። ስብሰባ ላይ ስለማይገኙ ማንም አይከራከርላቸውም። እናንተ ተከራከሩላቸው።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው። አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልቀመጥ።

ሰኞ ጠዋት 2:30 ላይ ከቢሯችሁ ውጡ። የክፍያ መዝገቡን አትያዙ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በየጽሕፈት ቤቱ ዙሩና የተቀመጠ ሰው ቁጠሩ። የቆመ ባለጉዳይም ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ። ማክሰኞ ደግሞ ሩቅ ካለው ቀበሌ ወደ አንዱ ጤና ኬላ ሂዱ። መኪና ከሌለ በሞተር፣ ሞተር ከሌለ በእግር። በሩ ክፍት መሆኑን እዩ። ዝግ ከሆነ ልጅ የታቀፈች እናት ከጥግ መኖሯን እዩ። ካለች ስሟን ጠይቁ፤ ክትባቱ የሚሰጥበትን ቀን ጽፋችሁ እዚያው በሩ ላይ ለጥፉ። ከዚያ ለእኔ ደውሉልኝ፤ ስልኬን አብዛኞቻችሁ ይዛችኋል። ቁጥሩን መስማት እፈልጋለሁ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ እጅሽን ቀድመሽ ያነሳሽው፣ አንቺ ጀምሪ።